በረኪና ያልገባበት ወጥ ቤት

በረኪናውን ወደዚያ ወጥ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላይ ባላክክ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የማላክክበት ሰው አጣሁ። በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ውስጥ ከታላቅ እህቴ ጋር ምግብ ቤት ስንከፍት ሥራ የተካፈልነው ያለ ብዙ ንግግር ነው፤ እሷ ታበስላለች፣ እኔ አወራለሁ። ወሬ ስል እንግዳ መቀበሉን፣ ከአከራይ መሟገቱን፣ ፈቃድ ማሳደሱን፣ አስተናጋጅ መቆጣቱንና ንጽሕናውን ነው። ንጽሕና ላይ ደግሞ ቀልድ አላውቅም። ደንበኞቻችን የዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤትና የአየር መንገድ ሰዎች ነበሩ፤ ክራቫት አስረው መጥተው ጣታቸውን የሚልሱ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ የዘይት ጠብታ ካዩ ግን ሁለተኛ የማይመለሱ። ስለዚህ በረኪና የምገዛው በሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ጠዋት ወለሉን፣ ከምሳ በኋላ ግድግዳውን፣ ሲዘጋ ሁሉንም። ስናደድ ውሃ እንኳ ሳልጨምርበት ነበር የምደፋው፤ እናደድ የነበረው ደግሞ በየቀኑ ነው።

እህቴን እትዬ ነው የምላት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናትና አባታችን ገና ጨቅላ ሳለሁ ስለሞቱ አዲስ አበባ ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ናይሮቢ ያመጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ። እትዬ ዝምተኛ ናት። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሷ አንድ ትላለች፣ እሷንም ወጥ እያማሰለች። ማሳል ስትጀምር "ጉንፋን ነው" አለችኝ፤ እኔም አምኜ ዝንጅብል አፈላሁላት። ጉንፋኑ ግን ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ወጥታም አልሄደም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሙሉ ሆኖ፣ ወጥ የሚያወጣ ሰው ጠፋ። ገብቼ ሳይ እትዬ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ይዛለች፤ ትንፋሿ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። እግሯ ሥር ያለው ወለል እኔ ገና አሁን በደፋሁት በረኪና ያብለጨልጫል።

የመረመራት ሐኪም በዕድሜ የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ኬንያዊ ነበር። የእሱን እንግሊዝኛ ለእትዬ፣ የእሷን አማርኛ ለእሱ የማደርሰው እኔ ነኝ። ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳምጦ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና "ወጥ ቤቱን በምንድን ነው የምታጥቡት?" አለኝ። እኔ ደግሞ ሊያመሰግነኝ መስሎኝ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት፤ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ እንዴት አድርጌ። ብዕሩን አስቀመጠ። "ወይ በረኪናው ከወጥ ቤቱ ይወጣል፣ ወይ እሷ ትወጣለች" አለ። ሳንባዋ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን እንደማይችል፣ ለሦስት ወር ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትል፣ ከዚያ በኋላ አይቶ እንደሚወስን ነገረኝ። የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት፣ በርበሬም እስክታገግም ከለከላት።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንመለስ እትዬ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየች "ከወጥ ቤት ከወጣሁ እዚህ ምን እሠራለሁ? አገሬ ላኪኝ" አለችኝ። አገሯ ማን አለ? ማንም። የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው። እዚህ ግን ከዚያ ምድጃ ፊት ስትቆም እትዬ ንግሥት ነበረች፤ ስዋሂሊ ሳትችል፣ እንግሊዝኛ ሳትችል፣ የበላ ሰው ሁሉ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ እጅሽ ይባረክ ሳይላት አይሄድም። "የትም አትሄጂም" አልኳት። "ያንን ወጥ ቤት በሦስት ወር ውስጥ አራስ የምትተኛበት አደርገዋለሁ። ተመልሰሽ ትገቢያለሽ።" አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። እሷ ከሄደች ግን በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ሰው አይኖረኝም።

በዚያው ቀን በረኪናውን ከነጀሪካኑ ከቤት አስወጣሁ፤ ማብሰሉንም እኔ ያዝኩት። በምትኩ ከሱቅ ሌላ ሌላውን ሞከርኩ፤ የሎሚ ሽታ ያለው፣ የጥድ ሽታ ያለው፣ የአበባ ሽታ ያለው። እትዬ የምትተኛው ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍል ነው። ጠረኑ በነፋስ ሲደርሳት ትስላለች። አንዱን ደፍቼ ሌላውን ስሞክር ሳምንት አለፈ። ሎሚው ሎሚ አልነበረም፣ ጥዱም ጥድ አልነበረም።

ከፓርክላንድስ ዓርብ ዓርብ የጾም በያይነቱ ሊበሉ የሚመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ህንዳዊት ደንበኛ ነበሩን፤ ሥጋ በሕይወታቸው ቀምሰው አያውቁም። ችግሬን ብነግራቸው ሳቁና እሳቸው ቤታቸውን በምን እንደሚያጥቡ አጫወቱኝ። የፍራፍሬ ልጣጭ ሦስት እጅ፣ ሱካሪ ንጉሩ የሚባለው ጥቁር የአገዳ ስኳር አንድ እጅ፣ ውሃ አሥር እጅ፤ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ ሦስት ወር ማቆየት። ይብላላል፣ ይኮመጥጣል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ቀጥኖ ይታጠብበታል። ይኼን ስሰማ ልቤ በኩራት ሞላ። ይኼማ ጥንስስ ነው አልኩ በሆዴ፤ ጠላ ጠምቄ ጠጅ ጥዬ የማውቅ ሴት ነኝ፣ እኔን ነው እንዴ ጥንስስ የሚያስተምሩኝ? ስለ ክዳኑ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አዲስ እንግዳ ገባና ተነሥቼ ሄድኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

አናናስና ብርቱካን ናይሮቢ ውስጥ እንደ ጉድ ነው። በራችን ላይ አትክልት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ እዚያ አገር እንደሷ ያሉትን ሁሉ ማማ ምቦጋ ነው የሚሏቸው። ልጣጩን በጆንያ ታጠራቅምልኝ ጀመር። ሦስት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞላሁ። አየር እንዳይገባበት ብዬ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት፤ ሙቀት ይፈልጋል ብዬ ደግሞ ከምግብ አዳራሹ ጥግ፣ ከምድጃው ግድግዳ ጋር አስጠግቼ ደረደርኳቸው። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያው ፈነዳ። የአናናስ ልጣጭ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰውዬ ከነክራቫታቸው ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ የጠቀለሉትን ጉርሻ ግን አልጣሉም። ሁለተኛው እንዳይከተል ሁለቱን ጀሪካን አቅፌ ወደ ግቢ ስሮጥ እትዬ በሯ ላይ ቆማ አየችኝና ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነባት፣ መድኃኒቷን አውጥታ ነፋች፤ እኔም ጀሪካኔን እንዳቀፍኩ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ደንበኞቻችን ሲገቡ "ዛሬ የሚፈነዳ አለ ወይስ እንቀመጥ?" ይሉኝ ጀመር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ክዳኑን አላልቼ በየቀኑ እያስተነፈስኩ አዲስ ጠነሰስኩ። ሦስት ወር ይቆይ የተባለውን እኔ በአንድ ወሩ ከፈትኩት። ኮምጠጥ ያለ፣ ደስ የሚል ጠረን አለው። ጠረጴዛውን አጠበ፣ መስታወቱን አጠበ፣ የዓሣ ሽታ አጠፋ፤ እትዬም አልሳለችም። ኩራቴን ማን ይቻለው። ለመጣ ሰው ሁሉ "የአያቶቻችን ጥበብ ነው" እያልኩ ሰበክሁ፤ አያቶቼ አናናስ በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ምድጃው ጋ ስደርስ ግን ጉዴ ፈላ። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ የቁሌት ጢስና የበርበሬ ዘይት በየቀኑ ይጋገራል፤ በረኪናው ከቀረ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ጠቁሯል። ውሃዬ በላዩ እየተንሸራተተ ወረደ። ብፈትገው፣ ባሸው፣ ወይ ፍንክች። በዚያው ሰሞን ወደ እትዬ ክፍል ስገባ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየጠረግሁ ነው" አለች።

"ሻንጣ ለምን ይጠረጋል?"

"አንቺም ተጨነቅሽ፣ እንግዳውም ሸሸ። ያ ግድግዳ በአናናስ አይለቅም። እኔ ስሄድ በለመድሽው ታጥቢዋለሽ።"

ሻንጣውን ነጥቄ መልሼ ከአልጋው ሥር ወረወርኩት። ያ ግድግዳ ካልጸዳ ወደ በረኪናው መመለሴ ነው፤ ወደ በረኪናው ከተመለስኩ እትዬ ትሄዳለች። ነገሩ ይኼው ነው፣ ሌላ የለውም።

የጎደለኝ አረፋ ነው። አረፋ ስል እንዶድ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ እትዬ ገንዳ ሙሉ አረፋ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ ነጭ ጋቢ ስታሽ፣ እኔ አረፋውን በመዳፌ እየዘገንኩ እፍ ስል ይታየኛል። ስለ እንዶድ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው፤ ግን በቂ መሰለኝ። በነጋታው ማታቱ ተሳፍሬ ኢስትሊ ወረድኩ። ኢስትሊ ከአገር ቤት የማይመጣ ነገር የለም፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ኮረሪማው በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ይገባል። ባለሱቁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ኪሎ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ አስመጣልኝ። "አሠራሩን ታውቂዋለሽ?" አለኝ። "እኔን ነው የምትጠይቀው?" አልኩት። ሰውዬው ከኔ ጋር መከራከሩ ሰልችቶት ነው መሰል ጠቀለለልኝ። ለእትዬ አልነገርኳትም። ግድግዳውን አብርቼ፣ እጇን ይዤ አስገብቼ፣ ላስደንቃት ነው ያሰብኩት። ደግሞም አውቃለሁ ብያለሁ፤ አውቃለሁ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይጠይቃል?

ሰኞ ዝግ ነን። ያን ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይወርድ ስለነበር በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁና እንዶዱን ወጥ ቤት ባለው የቅመም መፍጫ ውስጥ ጨምሬ አስነሣሁት። እንዲልምልኝ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከዚያ ክዳኑን ከፈትኩ።

የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። የደረቀ እንዶድ ብናኝ አጠገብ ሚጥሚጣ ለሕፃን የሚሰጥ ነው። ማስነጠስ ጀመርኩ፣ አላባራም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ዓይኔ ተዘጋ፣ ጉሮሮዬ ታነቀ፣ ክፍሉ ጉም ሆነ፣ በሩ በየት በኩል እንዳለ ጠፋኝ። እየተደናበርኩ መደርደሪያውን ስዳብስ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። እትዬ ናት። ማስነጠሴ ክፍሏ ድረስ ተሰምቷት፣ ምን እንደሆነም ገብቷት፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ መጣች። አትግቢ ማለት ፈልጌ ድምፅ አልወጣልኝም። ገባች። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ዝናብ ላይ አወጣችኝ።

የኔ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የእሷ አልተመለሰም። ግቢው መሐል ተንበርክካ አየር ትስባለች፣ አየሩ አይገባላትም። መድኃኒቱን ደጋግሜ ብነፋላት ምንም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። "እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ እትዬ" እያልኩ ከመጮህ በቀር የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ጩኸቴን ሰምታ የደረሰችልኝ ማማ ምቦጋ ናት፤ አየቻትና ወደ መንገዱ ሮጣ የሚያልፍ ታክሲ ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። በሁለት በኩል ደግፈን አስገባናት። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬን ይዛ "ፖሌ፣ ፖሌ" ትለኝ ነበር፤ አይዞሽ ማለቷ ነው።

ሆስፒታል እንደደረስን እትዬን ይዘዋት ገቡና እኔን አግዳሚ ወንበር ላይ ተዉኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ለምን እንደሚያየኝ ያወቅሁት እጄን ወደ ራሴ ስሰድ ነው፤ ፀጉሬ ላይ የተበተነው እንዶድ በዝናቡ ርሶ አረፋ አውጥቷል። በጆሮዬ ሥር፣ በአንገቴ ይወርዳል። ስመኘው የነበረው አረፋ ነው፤ እሷ ከሌለች ግን ምን ያደርግልኛል። ቢስቁብኝ አልፈርድባቸውም ነበር። እዚያ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴን በገዛ እጄ ገደልኳት።

አልሞተችም። በማግስቱ ስገባ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ሳስቷል፤ ቁጣዋ ግን ደህና ነው።

"እንዶድ ቤት ዘግቶ የሚፈጭ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"አላወቅሁም" አልኳት።

"እንዴት አታውቂም? በእንዶድ አድገሽ?"

"ስትወቅጪ አይቼሽ አላውቅም እኮ እትዬ። እኔ የማውቀው አረፋውን ነው።"

ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እጇን አየች። "እውነትሽን ነው" አለች። "አታይም ነበር። ጨው እልክሽ ነበር።"

በልጅነቴ ከመላላክ ሁሉ የምጠላው ጨው መግዛት ነበር። እቤት ጨው እያለ፣ የሰፈራችንን ሱቅ አልፌ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ማዶ ካለው ሱቅ ግዢ ትለኛለች። "ያለውስ?" ስላት "ሂጂ ብያለሁ" ነው መልሷ። እየተነጫነጭኩ እሄዳለሁ። ስመለስ አጠባው ተጀምሯል፣ አረፋው ተነሥቷል፣ እኔም ንጭንጬን ረስቼ አረፋ እዘግናለሁ። እትዬ ያኔ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያስተማረችኝ። ደብተሬም ጫማዬም የተገዛው በዚያ ገንዳ ነው።

"አንዴ አምስት ዓመት ሳይሞላሽ፣ ስወቅጥ አጠገቤ ሆነሽ ብናኙ ደረሰብሽ" አለችኝ። "ሁለት ቀን ሙሉ ታፈንሽ። የምታመልጪኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ግቢ ውስጥ እያለሽ ወቅጬ አላውቅም።"

"ያንቺስ ደረት?"

"የኔማ ለምዶታል ብዬ" አለች፣ ስለ ሌላ ሰው ደረት እንደምታወራ።

እንዳላውቅ አድርጋ ያሳደገችኝን ነገር ነው አውቃለሁ ብዬ ይዤባት የመጣሁት። ግንባሬን አልጋዋ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየችና "አሁንም አልለቀቀም፣ በደንብ ታጠቢው" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጥቶ በልጅነቷ ብናኝ ያለበት ሥራ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ተረጎምኩላት። "ኧረ አልሠራሁም በይው" አለችኝ። እኔም ወደ እሱ ዞሬ "ለብዙ ዓመት እንዶድ ስትወቅጥ ኖራለች፣ እኔን ለማስተማር" አልኩት። ረጅም አድርጎ ጻፈ። ያላለችውን ስተረጉም ያ የመጀመሪያዬ ነው፣ አይቆጨኝም።

ሦስት ወሩን እንደገና ከአንድ አስጀመረው፤ ተስፋም አልሰጠኝም። ቤት ስንመለስ የተረፈውን እንዶድ ልጥል ስል ግን እትዬ ከለከለችኝ። "ጥፋቱ የእንዶዱ ነው እንዴ?" አለች። በርጩማዋን ግቢው ውስጥ ራቅ አድርጋ፣ ነፋሱ ከኋላዋ እንዲመጣ ሆና ተቀመጠች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"መጀመሪያ አርሺው" አለች። "ደረቁን የሚነካ የለም።"

ፍሬውን እንዳለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲርስ እዚያው ውሃው ውስጥ በዱላ ጨፈለቅሁት፤ አንድ ብናኝ አልተነሣም። ባልዲ ውስጥ ከድኜ ለጥቂት ቀናት ተውኩት፣ ተብላላ፣ ጠረኑ ከበደ፣ በጨርቅ አጠለልኩት። እትዬ ከርቀት ታዛለች። "ይኼ ለወለልና ለግድግዳ ብቻ ነው። ሳህን እንዳይነካ፣ መርዝ ነው። ዕጣቢውን ወንዝ ዳር እንዳትደፊ፣ ዓሣ ይፈጃል። ስታጥቢበት በሩ ይከፈት።" ለሳህንና ለድስት የልጣጩ ውሃ ይበቃል አለች፤ መፈተጊያው ግራዋ ይሁን። ግራዋ እናቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥቡበት መራራ ቅጠል ነው። ማማ ምቦጋ ከመንደሯ አመጣችልን፤ በእሷ ሰፈር ሆድ ሲቆርጥ የሚጠጡት ነገር ነው አሉ፣ እኛ ድስት ስንፈትግበት ብታይ አፏን ይዛ ሳቀች።

የምድጃውን ግድግዳ የእንዶዱን ውሃ ቀብቼ ትንሽ አቆይቼ ሳሸው የበርበሬው ዘይት እየለቀቀ ቀይ ሆኖ ወረደ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲጸዳ እሰይ አላልኩም፤ ግድግዳውን ሳይሆን ደረቷን ነበር የምጠብቀው። በእነዚያ ወራትም ምግቡን የማበስለው እኔው ነኝ። ጠዋት ከመክፈቴ በፊት የክፍሏ በር ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፉጨቱ እውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ቆይቶ ጆሮዬን በሩ ላይ ካላደረግሁ አልሰማውም። አንድ ጠዋት ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌም የሰማሁት የጸሎቷን ድምፅ ብቻ ነው፤ በሩን ገፋ አድርጌ ሳይ ግን ሻንጣው እንደገና ከአልጋዋ ሥር ወጥቶ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ አዳመጣት፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ እንደገና ከፊት። "አንድ ሳምንት ትሞክር" አለ። "በቀን ሁለት ሰዓት። ካፏጨ ግን አበቃ፣ ሌላ ሙከራ የለም።" ያን ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። "ገባኝ" አለች።

በነጋታው ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገብቼ ወለሉን በእንዶዱ ውሃ አጥቤ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ድስቶቹን በግራዋ ፈተግሁ። በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ ወጡን ጣድኩ። እትዬ ነጭ ሻሿን አስራ መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። መድኃኒቷን በእጇ ጨብጣለች። ፈርታለች፤ እኔም ፈርቻለሁ። እግሯን አንሥታ ገባች። አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛ ሳበች፣ ጠለቅ አድርጋ። ፉጨት የለም። ሦስተኛ። የለም። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ መዳፏን አሸተተች። መድኃኒቷን ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዳ ክዳኑን ከፈተች። በማማሰያው ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

"ይኼን ነው ይኼን ሁሉ ወር ለሰው ስታቀርቢ የከረምሽው?"

"ሰው ወዶታል" አልኳት።

"ሽንኩርቱ ሳይበስል ነው በርበሬ ያስገባሽው" አለችና ማማሰያውን አጥብቃ ያዘች። "ዘወር በይልኝ።"

በሕይወቴ ለማንም ዘወር ብዬ አላውቅም። ለእሷ ዘወር አልኩላት።